ተፈቶ የቀረ ሞተር

ጥር 4

ግፊት፦ ጠዋት 150 በ90። ክኒን ሁለት፣ ከቁርስ በኋላ። ሾርባ ግማሽ ሳህን። ቀኝ እጅ ምንም። ቀኝ እግር ምንም። ንግግር... "እ" ብቻ።

ይህን ደብተር ያስገዛኝ ሐኪሙ ነው። በየቀኑ ያየሽውን ጻፊ አለኝ። ጸሐፊ ነበርኩ ስለው ደስ አለው። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬ የራሴን ነገር ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ቁጥሩን ከጻፍኩ በኋላ ብዕሩን ማስቀመጥ አቃተኝ። ለማን ልናገር? ባሌ ይሰማል እንጂ አይመልስም።

በስትሮክ ከወደቀ ስድስተኛ ሳምንቱ ነው። ልብስ አጠብኩ። ገላውን አጠብኩት። ጢሙን ስላጨው አገጩን ቆረጥኩት። "እ" አለ። ይቅርታ አልኩት። በቃ፣ እንዲህ ያለ ቀን ነው።

ጥር 6

አትክልተኛዋ መጣች። ከጉድጓድ ውሃ እየሳበች ጎመንና ሽንኩርት የምታለማዋ። የውሃ መሳቢያ ሞተሯ ለጥገና እኛ ጋ ነው። እሱ በወደቀበት ቀን ጠዋት ነበር ፈትቶት የጨረሰው። ክፍሎቹ ጓሮ ባለው መሥሪያ ክፍል ጠረጴዛ ላይ እንደተዘረጉ ናቸው። ጋዜጣ አልብሼአቸዋለሁ... ላለማየት።

"ጋሽ ቡሎን እንዴት ሆኑ፣ እትዬ?"

ሰው ሁሉ ቡሎን ነው የሚለው። በወጣትነቱ አንድ የጠፋ ቡሎን ሲፈልግ ግማሽ ቀን ተንበርክኮ ስለዋለ ነው። ቡሎኑ ኪሱ ውስጥ ነበር።

"እየተሻለው ነው" አልኳት። "በሚቀጥለው ሳምንት ያየዋል።"

ለምን ዋሸሁ? ከአፌ አምልጦኝ ወጣ።

"ችግኜ እየጠወለገ ነው። በባልዲ ቀድቼ ስንቱን ላዳርስ?" አለች። ከዚያ በበሩ በኩል ባለጎማ ወንበሩ ላይ አየችው። እሱም አያት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጥር 7

ቀጭኔ ዘንድ ሄድኩ። ከዋናው መንገድ ማዶ ያለው መካኒክ ነው፣ ከባሌ ጋር አብረው ነው ሙያውን የተማሩት። ቁመቱን ያየ ስሙን አይጠይቅም። ለምኜ አመጣሁት። ጎንበስ ብሎ ገባና ጋዜጣውን ገለጠ።

"ይሄ ሁሉ ግራሶ! ምኑ እንደተበላ፣ ምኑ እንደተሰነጠቀ በምን ልይ?"

"ወስደህ አጽዳው እንግዲህ።"

"አምስት መኪና አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል፣ እህቴ። እኔ ላጽዳ ካልኩ ወር ይፈጃል። አንቺ ካጸዳሽልኝ ግን አንድ ቀን መጥቼ እገጥመዋለሁ።"

"እኔ?"

"ሳህን ታጥቢ የለም እንዴ?"

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከሄደ በኋላ አንዱን ክፍል አነሳሁ። ምን እንደሆነ አላውቅም። እጄ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

ጥር 9

የፈላ ውሃና የዱቄት ሳሙና። ሌላ ምን አውቃለሁ? በልብስ ሳፋ ዘፈዘፍኩት። ውሃው ጠቆረ፣ ብረቱ ግን ያው ነው። ግራሶው አልለቀቀም፣ ቦታ ነው የቀየረው... ሳፋው ላይ፣ ቧንቧው እጀታ ላይ፣ ፀጉሬ ላይ። አራት ሰዓት ሙሉ ስፈትግ ዋልኩ። ኳስ ኳስ ብረት ያሉባቸውን ቀለበቶች ግን አስለቀቅኳቸው። ያበራሉ። ደርድሬ በጨርቅ ሸፈንኳቸው። ትንሽ ኮራሁ።

ጥር 10

ዝገዋል! በአንድ ሌሊት። ቀይ አቧራ የነሰነሱባቸው ይመስላሉ። ሳሽከረክራቸው አሸዋ እንዳለበት ወፍጮ ይንቋቋሉ።

ወንበሩን እየገፋሁ እሱን ወደ መሥሪያ ክፍሉ ወሰድኩት። ከወደቀ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። የዛገውን እጄ ላይ አድርጌ አሳየሁት። ዓይኑን ጨፈነ።

"ምን ላድርግ? ንገረኝ እንጂ!"

መናገር የማይችል ሰው ላይ እንዲህ ይጮኻል? መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ትንሽ ቆይቶ ግራ እጁን ወደ ጥጉ ዘረጋ። ብሩሹን አነሳሁ። "እእእ።" ጨርቁን። "እእእ።" የዘይት ጣሳውን፣ መፍቻውን፣ የአሸዋ ወረቀቱን... ስምንት ነገር አነሳሁ። ዘጠነኛው ጥጉ ውስጥ የቆመው ጀሪካን ነበር። ከፍቼ አሸተትኩ። ነጭ ጋዝ።

"እ" አለ። አጭር። ለስላሳ።

ሁለት ቃል አገኘሁ ማለት ነው። አጭሩ አዎ ነው፣ ረጅሙ አይደለም። እርግጠኛ ነኝ? ...አይደለሁም።

ጥር 13

ነጭ ጋዙ ተአምር ነው። ትናንት ሙሉ ቀን፣ ዛሬ ሙሉ ቀን። አሁን እንዲህ ነው የማደርገው፦ ወፍራሙን ቆሻሻ በእንጨት ስንጣሪ እፍቃለሁ (በብረት ስፍቅ "እእእ" አለኝ፣ ለካ ይጫርበታል)። ከዚያ ነጭ ጋዝ ያለበት ጣሳ ውስጥ እነክረዋለሁ። ከምሳ በኋላ አውጥቼ በቀለም ብሩሽ፣ ጠባቡን ደግሞ በጥርስ ብሩሽ። በጨርቅ አብሼ ሌላ ንጹህ ነጭ ጋዝ ውስጥ አለቀልቀዋለሁ። መጨረሻ ላይ ዘይት በነካ ጨርቅ ዳበስ። ውሃ እንዳያየው።

የዛጉት ቀለበቶችም ሁለቱ ተመለሱ። አንዱ ሞቷል። ቀጭኔ እሱን እኔ እተካዋለሁ አለ።

እያንዳንዱን በየጣሳው አድርጌ ወረቀት ለጠፍኩበት። ስማቸውን አላውቅም፣ የመሰለኝን ጻፍኩ። "ጆሮ ያለው"። "ሆድ"። "ትንሿ ሞላ"። "ምን እንደሆነ እንጃ ቁጥር 2"። ወረቀቶቹን አሳየሁት። የአፉ ግራ ጎን ከፍ አለ። ሳቀ ልበል?

ጥር 17

እጄ ተሰነጣጥቋል። ሽታው ከእንጀራ ጋር... አይ፣ ከምበላው ሁሉ ጋር አብሮ ይዋጣል።

አትክልተኛዋ መጥታ ጣሳዎቹን እያነሳች አየች። "እርስዎ ነዎት ያጸዱት?" አለች። "አሥር ቀን ይቆይልሻል ወይ ችግኝሽ?" አልኳት። "ይቆያል" አለች፤ ግን አፏ እንጂ ዓይኗ አላለም።

ጥር 20

ጭሱ የሚወጣበት ቱቦ ላይ የተጋገረው ጥቀርሻ በነጭ ጋዝ ወይ ፍንክች። ለሦስት ቀን ነክሬው ያው ነው። ለጎረቤቴ አማረርኩ፣ ሳሙና እየሠራች የምትሸጠዋ።

"ለዚህ ነው እንዴ የምትሰቃዪው? ኮስቲክ ሶዳ ስጪው! የስብ ጠላት ነው።"

ጓንቷንም ኮስቲኳንም ይዛ መጣች። መጀመሪያ ውሃው፣ ከዚያ ዱቄቱ፣ በተቃራኒው እንዳታደርጊ፣ ፊትሽን አርቂ... ቱቦውን ባልዲው ውስጥ አስገባነው። ከሰዓት በኋላ ሳወጣው ጥቀርሻው እንደ ልጣጭ ወረደ። አዲስ ብረት! ይዤው ሮጥኩ።

"እየው! እየው!"

"እ" አለ። አጭሯን።

ስንት ጊዜዬ ነው እንዲህ ደስ ካለኝ?

ጥር 22

ዛሬን እንዴት ልጻፈው...

ጠዋት ደስ ብሎኝ ነው የተነሳሁት። የቀረኝ ካርቡራተሩ ብቻ ነበር፣ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው፣ ቡጢ የምታህል ክፍል። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ላይ ጥቁር ሙጫ የመሰለ ነገር ደርቋል። ነጭ ጋዙ አላላቀቀውም። ባልዲው ውስጥ ኮስቲክ ተርፏል። ቱቦውን እንዲያ ካደረገው፣ ይሄንንማ...

እሱን አምጥቼ በሩ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። ካርቡራተሩን በሽቦ አስሬ ወደ ባልዲው ሳወርድ "እእእ!" አለ። በግራ እጁ የወንበሩን ክንድ ደበደበ። ውሃ የጠማው መሰለኝ። ብርጭቆ አመጣሁለት፤ ገፋው፤ ተደፋ። ሽንት ነው? አይደለም። በረደህ? አይደለም። ፊቱ ቀላ፣ ምራቁ ወረደ። "እእእ! እእእ!"

"እንግዲህ ምን ላድርግህ!" ብዬ ጮህኩበት። "እኔም ሰው ነኝ! እጄ ተላጠ፣ ወገቤ ተቆረጠ፣ ያንተን ሥራ እየሠራሁ፣ ምን ቀረኝ?"

ሽታው ነው የረበሸው ብዬ ወንበሩን አዞርኩት። ጀርባውን ለባልዲው፣ ፊቱን ለግቢው። በገዛ እጄ አዞርኩት።

ክኒኑ አልቆ ስለነበር መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ሰልፍ ነበረ። ስመለስ እንዳዞርኩት ነው። መጮኹን ትቷል። ጉንጩ ርጥብ ነው።

ባልዲው ይፈላል። እሳት የለ፣ ምን የለ፣ ይፈላል። አረፋው ገንፍሎ ወለሉ ላይ ፈሷል። ሽቦውን ሳብኩ። የወጣው ጥቁር ነገር አይጥ የበላው ዳቦ ይመስላል። ትንንሾቹ ቀዳዳዎች ተበልተው እርስ በርስ ተገናኝተዋል። በጓንቴ ስነካው ጠርዙ ተቆርሶ ወደቀ።

አታድርጊ ነበር የሚለኝ። ሌላ ምንም አይደለም። አታድርጊ። እኔ ውሃ አመጣሁለት።

ጥር 23

ግፊት፦ 180 በ110።

ጥር 24

ለአትክልተኛዋ ራሴ ልንገራት ብዬ እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩ። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆማ ገመድ ትስባለች። ጎመኑ መሬት ላይ ተኝቷል፣ ቅጠሉ እንደ ወረቀት። ሽንኩርቱ ከጫፉ ቢጫ ሆኗል።

ነገርኳት። ሁሉንም፣ ወንበሩን ማዞሬን ጭምር። ለምን ወንበሩን እንደነገርኳት እንጃ።

ብትጮህብኝ በወደድኩ። ባልዲውን ገልብጣ ቁጭ አለችበት።

"ሌላ የለም?"

"ቀጭኔ ይፈልግ ይሆናል።"

"ይሆናል" አለች እሷም። ቆይታ "ይሂዱ እትዬ፣ ጋሼን ብቻቸውን አይተዉዋቸው" አለችኝ።

ገመዱን ከእጇ ወሰድኩ። አሥራ አንድ ባልዲ አወጣሁ። አንድ መስመር እንኳ አላዳረሰም። ምድሩ ጠጣውና ምንም እንዳላየ ሆነ።

ጥር 28

ቀጭኔ የተበላውን ካርቡራተር አገላብጦ አየ።

"አሉሚኒየም እኮ ነው፣ እህቴ። ኮስቲክ ብረትን አይነካም፣ አሉሚኒየምን ግን ይበላዋል። ቡሎን አልነገረሽም?"

"ነግሮኛል" አልኩት።

ወደ ወንበሩ አየ። ከዚያ እኔን። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

እፈልጋለሁ ብሎ ሄደ። የሞተሩ ዓይነት አሮጌ ነው፣ አሁን አይመጣም አለ። ሲወጣ የበሩ መቃን ግንባሩን መታው። እንደ ሌላው ጊዜ አልተራገመም።

የካቲት 3

ምንም የለም። ቀጭኔ ሦስት የቁርጥራጭ ብረት ግቢ ሄዶ አጥቷል።

ሾርባውን አልበላም አለኝ። ማንኪያውን ሳቀርብ ከንፈሩን ይገጥማል። ተቀይሞኝ ነው? ወይስ ራሱን? "ይቅር በለኝ" አልኩት፣ ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ እንጃ። አጭርም ረጅምም አላለኝ። ጣሪያውን አየ።

ልጃችን ከሄደችበት ከተማ ደወለች። አራስ ናት፣ መምጣት አትችልም። "እማዬ፣ ደህና ናችሁ አይደል?" ደህና ነን አልኳት። ይኸው ሌላ ውሸት።

የካቲት 10

ተገኘ! ቀጭኔ በሆነ ሰው ጓሮ ከተጣለ ሞተር ላይ ነቅሎ አመጣው። ጭቃና ግራሶ በልቶታል። "ይሄ የመጨረሻው ነው" አለኝ። አስፈራራኝ አልልም፣ እውነቱን ነው።

ጠረጴዛውን ወደ እሱ አስጠጋሁት። ወንበሩን ፊት ለፊት አደረግኩት።

"ምንም ነገር ሳትለኝ አልነካም።"

ከራሴ ተማከርኩ፣ ከእሱ ተማከርኩ። ነጭ ጋዝ? "እ።" ብሩሽ? "እ።" ሦስት ቀን ይነከር? "እእእ።" አንድ? "እ።"

የካቲት 11

ዛሬ ከነጭ ጋዙ አወጣሁት። ትልልቁ ቀዳዳ ጸዳ። አንዲት መርፌ የምታህል ቀዳዳ ግን ተደፍናለች። ቀጭን ሽቦ አነሳሁ። "እእእ!" ወዲያው ጣልኩት። ስፌት መርፌ? "እእእ!" ነጭ ጋዝ ጨመርኩ፣ አልወጣም። ምን ይሆን የሚለኝ? ጠበቅኩት። ጉንጩን መንፋት ሞከረ። ቀኙ አልታዘዘውም፣ አየሩ በዚያ በኩል አምልጦ ምራቁን አንጠባጠበው። ደግሞ ሞከረ። ላብ አጠመቀው። ፊቱን ስጠርግ ነው የገባኝ።

"ንፊ?"

"እ! እ!"

የብስክሌት ጎማ መንፊያ አምጥቼ ነፋሁባት። ጥቁር ጠብታ ተፈናጥሮ ሽርጤ ላይ አረፈ። ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁ። ማዶው ታየኝ። ዓይኑ ሥር አስጠግቼ እሱንም አሳየሁት።

ለአንዲት ቀዳዳ ከሁለት ሰዓት በላይ። ሁለታችንም ደክሞን ምሳ ሳንበላ ተኛን።

የካቲት 13

ቀጭኔ ጠዋት መጣ። "ጆሮ ያለው" የሚለውን ወረቀት ሲያይ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቀኑን ሙሉ ገጠመ። የተዘበራረቀ ባገኘ ቁጥር ወደ እሱ ይዞር ነበር፦ "ቡሎን፣ ይሄ ከዚህ ነው?" እሱ ይመልሳል። ሁለት ጊዜ የተቆጣው መሰለኝ።

የሞተሩን ማስነሻ ገመድ ሳበ። ምንም። ሳበ። አስነጠሰ። በሦስተኛው ተነሳ! ግቢው በጭስ ተሞላ። ሞተሯን ልትወስድ የመጣችው አትክልተኛ እጆቿን አፏ ላይ ጫነች።

ወደ እሱ ዞርኩ። በግራ እጁ ወንበሩን ገፍቶ ለመቆም እየሞከረ ነበር። ቀኝ እግሩ አልቻለም፣ ወደ ጎን ሲያዘነብል ሮጠን ደገፍነው። እጁን ሞተሩ ላይ ጫነ። ለአፍታ። ከዚያ አነሳውና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ፊቱ ላይ ምን እንደነበረ... እንጃ። ደስታ ብዬ ልጻፍ? አይደለም።

ሞተሩን ጋሪ ላይ ስንጭን "ምን ተረፈልሽ?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ጎመኑ የለም። ከሽንኩርቱ ሦስት መስመር አለ።" ተራ ነገር እንደምታወራ ነበር ያለችው። "እነሱን አድናለሁ።"

ከስንት መስመር እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ቆጥሬዋለሁ። ከአሥራ ስድስት።

የካቲት 17

ወደ መሥሪያ ክፍሉ ልውሰድህ ስለው የበሩን መቃን በግራ እጁ ጨብጦ አልለቅም አለ። "እእእ።" ትናንትም እንዲሁ። ሌላ ሥራ እኮ መጥቷል፣ ቀጭኔ የሚታጠብ ማርሽ ልኮልኛል፣ አንተ ትመራኛለህ፣ እኔ... "እእእ።"

አብረን የያዝነው ሥራ ነበር፣ አይደል? ምን አጠፋሁ አሁን?

የካቲት 22

ሐኪም ቤት። ሐኪሙ ቀኝ እጁን አነሳው፣ ለቀቀው፣ ወደቀ። ደግሞ አነሳው። ወደቀ።

"ሦስት ወር ሊሞላው ነው" አለኝ። "ትንሽ ነገር ሊጨምር ይችላል። ወደ ሥራ ይመለሳል ብለሽ ግን አትጠብቂ።"

እሱ እዚያው ተቀምጧል! በእሱ ፊት እንዲህ ይባላል? ተናደድኩ። ወደ እሱ ሳይ ግን አልደነገጠም። ያወቀው ነገር ነው። ሞተሩን የነካ ቀን ነው ያወቀው። እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት።



መጋቢት 2

ቀጭኔን አስጠራኝ። እንዴት አስጠራኝ ብባል... መንገዱን እያሳየ እጁን ከፍ አድርጎ ቁመት ለካልኝ። ገባኝ።

ቀጭኔ ሲመጣ እሱ ራሱ ወደ መሥሪያ ክፍሉ ግፊኝ አለ፣ በእጁ ምልክት። ከዚያ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ አመለከተ። ከግድግዳው አወርዳለሁ፣ በነጭ ጋዝ እጠርጋለሁ፣ እሱ ያያል፣ "እ" ይላል፣ ለቀጭኔ አቀብለዋለሁ። መፍቻዎቹ ሁሉ። መዶሻዎቹ። የሠላሳ ዓመት ነገር። ቀጭኔ "ይሄን እንኳ ለራስህ አስቀር" ባለ ቁጥር "እእእ።"

እኔ ልከለክል ፈለግኩ። በምን ቃል? የእሱ ነው።

ቀጭኔ ሳጥኑን ተሸክሞ ሲወጣ ግንባሩን መቃኑ ላይ አጮለው። ተራገመ። ከዚያ እዚያው ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። "መታኝ እኮ ነው" ይላል።

መጋቢት 11

አልጋውን ወደ መሥሪያ ክፍሉ አዛወርነው። በሩ ሰፊ ነው፣ ደረጃ የለውም፣ ወንበሩ እንደልብ ይገባል። ቀድሞ ያላሰብኩት... አስቤዋለሁ፣ አልደፈርኩም። ወለሉን ሁለት ቀን ታገልኩት። ሰጋቱራ ነሰነስኩ፣ ነጭ ጋዝ፣ ሳሙና፣ ደግሞ ሰጋቱራ። ሽታው እስኪወጣ አራት ቀን በርና መስኮት ከፍቼ ተውኩት። የእጥበት ጣሳዎቼ አሁን ውጭ ናቸው፣ ከመስኮቱ በታች፣ ጣሪያው በሚያጠላበት። ቀጭኔ በሳምንት ሁለት ቀን የሚታጠብ ይልክልኛል።

ዛሬ ጠዋት ማርሽ እየቦረሽኩ አንድ ሰው ጀነሬተር ተሸክሞ ገባ።

"ጋሽ ቡሎን አሉ?"

በላዬ ያለው መስኮት ክፍት ነው። እሱ ነቅቷል፣ አሁን ነው ትራሱ ላይ ያቃናሁት።

በሚቀጥለው ሳምንት ልል አፌን ከፈትኩ።

"አሉ" አልኩት። "ግን ከእንግዲህ አይሠሩም። ከመንገዱ ማዶ ቀጭኔ የሚባል አለ፣ እሱ ጋ ውሰደው።"

ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም። ዝቅ ባደርገው ኖሮ ይብስ ነበር። ሰውየው "አይዞዎት" ብሎ ተመለሰ። የበሩ ድምፅ ተሰማ። ከውስጥ ምንም የለም።

መግባት ፈራሁ። ቆምኩ። ከዚያ ገባሁ።

ዓይኑ በሩ ላይ ነው።

"ሰማኸኝ?"

"እ።"

"እንዲያ ማለት አልነበረብኝም?"

ጠበቅኩት። ረጅሙን ይሁን አጭሩን፣ የፈለገውን ያህል ጊዜ ይውሰድ ብዬ ጠበቅኩት።

"እእእ" አለ። አይደለም። ትክክል ነሽ ማለቱ ነው።

እኔ አለቀስኩ፣ እሱ አላለቀሰም። ለካ ብሩሹን እንደያዝኩ ነው የገባሁት፣ ነጭ ጋዙ አንሶላው ላይ ይንጠባጠባል። በግራ እጁ ቀስ ብሎ ከጣቶቼ መሃል አወጣውና ወለሉ ላይ ጣለው። ከዚያ የቆሸሸውን እጄን ያዘ።